ሳይቃጠል በቅጠል፦ ኮምፒዩተር በቆላ ቤትና በአነስተኛ ቢሮ



ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይ አድርጎ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ሳንጃ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሳንጃ፣ እንደ መተማና እንደ ሌሎቹ የሱዳን ድንበር አካባቢ ቆላዎች ሁሉ፣ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ናት። ሰሊጥ ባለበት ንግድ አለ፤ ንግድ ባለበት ሒሳብ አለ፤ ሒሳብ ባለበት ደግሞ በዛሬው ዘመን ኮምፒዩተርና የእጅ ስልክ አይጠፉም።

እስቲ በዚህች ከተማ አንዲት አነስተኛ የጽሕፈት ቤት በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። በውስጧ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን አሉ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ አዛውንት ብቅ ይሉና «ልጄ፣ ማመልከቻዬ ደረሰልኝ?» ብለው ይጠይቃሉ። ወጣቱም «ሐጂ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ አሁን ላትመው ነው» ብሎ ሳይጨርስ መብራት ድርግም ይላል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ አልነሣ ይላል። ሐጂ ማመልከቻቸውን እንደገና ማስጻፍ ይችላሉ። ነገር ግን በዚያው ማሽን ውስጥ የወጣቱ አባት የሱቅ ዱቤ መዝገብ ነበረ። ማን ስንት ኩንታል ወሰደ? ማን ስንት ከፈለ? ማን ስንት ቀረበት? ይህ ሁሉ የተጻፈው እዚያ ብቻ ነበር።

ታዲያ በዚያ ቀን የጠፋው ምንድን ነው? ኮምፒዩተሩ ነውን? አይደለም! ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል። የጠፋው መዝገቡ ነው። በዚህ ጽሑፋችን ልናስገነዝብ የፈለግነው ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ ይኸውም ማሽኑን መጠበቅ የሚገባን በውስጡ ስላለው አደራ ሲባል መሆኑን ነው። በመሆኑም በቆላ አገር ኮምፒዩተርን የሚጎዱትን ነገሮች አንድ በአንድ ካየን በኋላ፣ ማሽኑ ቢሞት እንኳ አደራው የማይሞትበትን መንገድ እንመለከታለን።

1ኛ/ ሙቀት

ኮምፒዩተር ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። በውስጡ ያለው ፋን የክፍሉን አየር እየሳበ ነው የሚያቀዘቅዘው። ስለሆነም ክፍሉ ራሱ ከጋለ ፋኑ የሚስበው ትኩስ አየር ነው ማለት ነው። አብዛኞቹ የላፕቶፕ አምራቾች ዕቃቸው ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በማይበልጥ አየር ውስጥ እንዲሠራ ይመክራሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ የቆላው ቀትር ከዚህ በላይ እንደሚወጣ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪ ሳይለካው ያውቀዋል።

ማሽኑ ከመጠን በላይ ሲሞቅ በመጀመሪያ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ኮምፒዩተሬ አረጀ» ይላል፤ ዳሩ ግን ሙቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ማሽኑ በድንገት ራሱን ያጠፋል። ምን እናድርግ?

ሀ/ ከባድ ሥራን፣ ለምሳሌ ብዙ ገጽ ማተምንና ቪዲዮ ማቀናበርን፣ በጠዋት ወይም በማታ እንሥራ። የቆላ ገበሬ ቀትር ላይ እንደማያርም ሁሉ ማሽኑንም በቀትር አናስጨንቀው።

ለ/ ማሽኑን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር እናርቀው። ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት አጠገብም አናስቀምጠው።

ሐ/ ላፕቶፕን ፍራሽ ወይም ትራስ ላይ አድርገን አንሥራበት። የአየር መግቢያው ከሥሩ ስለሆነ ይታፈናል። ከጠረጴዛ ላይ ሆኖ ከኋላው በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ ቢል እንኳ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

መ/ በቤታችን ቴሌቪዥኑንና ኮምፒዩተሩን በጥልፍ ልብስ የመሸፈን መልካም ልማድ አለን። ልብሱ ማሽኑ ሲጠፋ ከአቧራ ይጠብቃል። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ከተሸፈነ ግን ያፍነዋል። ልብሱን ከማሽኑ ላይ ማንሣት የመጀመሪያ ሥራችን፣ ማልበስ ደግሞ የመጨረሻ ሥራችን ይሁን።

ስለ ባትሪም አንድ ነገር እንጨምር። የስልክና የላፕቶፕ ባትሪዎች ፈጥነው የሚያረጁት ሙቀት ላይ ሆነው ሁልጊዜ እስከ አፋቸው ሲሞሉ ነው። በዚህ ምክንያት በብዙ ላፕቶፖች ላይ ኃይል መሙላቱ 80 ከመቶ ላይ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። ስልክን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ፈጽሞ አይገባም። ባትሪው አብጦ የስልኩን ጀርባ ወይም የላፕቶፑን መዳፊያ ከገፋው ደግሞ ወዲያውኑ መጠቀም እናቁም። እንዳይወጋ፣ እንዳይጨመቅ፣ ከልጆችም እጅ እንዳይገባ እንጠንቀቅ። ያበጠ ባትሪ እሳት ያስነሣልና!

2ኛ/ አቧራ

በበጋ ከመንገድ የሚነሣው አቧራ፣ በጥጥ ወቅት ደግሞ ብናኙ፣ በማሽኑ ፋን ላይ ተጠምጥሞ እንደ ስሜት ጨርቅ ይጋገራል። ያን ጊዜ ፋኑ ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም። በቆላ አገር ማሽኑን በሦስት ወር አንድ ጊዜ ማጽዳት የሚበዛ አይደለም።

ሲጸዳ መጀመሪያ ይጠፋል፤ ገመዱም ከሶኬት ይነቀላል። ከዚያ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራው ይጠረጋል። የአየር መንፊያ የምንጠቀም ከሆነ ፋኑን በጣት ወይም በቀጭን እንጨት ይዘን እንንፋ፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ ሊሰበር ይችላልና። እርጥብ ጨርቅ በማሽኑ ውስጥ አይግባ። ስክሪኑ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይወለወል፤ ሳሙናና የመስታወት ማጽጃ አይነካውም። ከሁሉ በላይ ግን ማሽኑን ከመሬት ማንሣት ይጠቅማል፤ ወለል ሲጠረግ የሚነሣውን አቧራ ሁሉ የሚስበው መሬት ላይ የተቀመጠው ማሽን ነውና።

3ኛ/ መብራት

የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው ይባላል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከፍ ይላል፤ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ በኃይል የሚመጣበት ጊዜ አለ። ዕቃ በብዛት የሚቃጠለውም መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ገመዱን መንቀል፣ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ያህል ታግሦ መሰካት ምንም ወጪ የሌለው ጥበቃ ነው። ጀነሬተር ላለውም እንዲሁ፤ ጀነሬተሩ ተነሥቶ ድምፁ ከተስተካከለ በኋላ ነው ኮምፒዩተሩ የሚሰካው።

ብዙ ሰዎች ስታቢላይዘርንና ዩ.ፒ.ኤስ.ን አንድ አድርገው ያያሉ። ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ኃይል ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ዩ.ፒ.ኤስ. በውስጡ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ደቂቃዎች ያቆየዋል። ጥቂት ደቂቃዎች! ይህ ጊዜ የተሰጠን ሥራችንን አስቀምጠን በሥርዓት እንድናጠፋ እንጂ ሥራ እንድንቀጥልበት አይደለም። የዩ.ፒ.ኤስ. ባትሪም ሙቀት አይወድም። በተለመደው ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በደጋ አራት ዓመት የሚያገለግል ባትሪ በቆላ ሁለት ዓመት ቢሆነው ሻጩን አንውቀሰው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናንሣ። ሌዘር ፕሪንተርንና ፎቶ ኮፒን በዩ.ፒ.ኤስ. ላይ መሰካት አይገባም። እነዚህ ማሽኖች ቀለሙን በወረቀቱ ላይ የሚያጣብቁት በማሞቂያ ነው። ማሞቂያው በሚነሣበት ቅጽበት የሚስበው ኃይል ከፍተኛ በመሆኑ ዩ.ፒ.ኤስ.ን ያጨናንቃል፤ ያበላሸዋልም።

የኮምፒዩተሩን ብረት ስንነካ የሚነዝረን ከሆነ ደግሞ የመሬት ሽቦው አልተገናኘም ማለት ነው። የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ቆርጦ መሰካት፣ ማከፋፈያን በማከፋፈያ ላይ መቀጠል በቤት ውስጥ እሳት መጋበዝ ነው። ይህን የሚያስተካክለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንጂ እኛ አይደለንም። በክረምት መብረቅ ሲበዛም ከኤሌክትሪክ ገመድ ሌላ የስልክና የአንቴና ገመዶችን መንቀል አንርሳ።

ከራሳችን ስሕተት ብንናገር አይከፋም። በአንድ ወቅት ግማሽ ቀን ሙሉ የጻፍነውን ጽሑፍ ሳናስቀምጥ መብራት ጠፋብንና ከባዶ ጀመርን። ጥፋቱ የመብራት ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ቁልፍ መጫን የሰነፍነው እኛ ነበርን። ከዚያ ወዲህ አንድ አንቀጽ በጨረስን ቁጥር ኮንትሮልና ኤስን መጫን እንደ ነጥብ ማስቀመጥ ሆኖልናል።

4ኛ/ ፍላሽና ቫይረስ

በትንንሽ ከተሞች ጽሑፍ ከቤት ወደ ቤት የሚጓዘው በፍላሽ ነው። ቫይረሱም አብሮ ይጓዛል። ከሁሉ የታወቀው ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ምልክት፣ ማለትም ሾርትከት፣ የሚያስቀምጠው ነው። ይህ ሲገጥማቸው ብዙዎች ደንግጠው ፍላሹን ፎርማት ያደርጉታል፤ በዚህም የራሳቸውን ጽሑፍ በእጃቸው ያጠፋሉ። ሆኖም ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ሾርትከቱን ሳንጫን መጀመሪያ በጸረ ቫይረስ እንፈትሽ፤ ቀጥለን የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ስናደርግ ብዙውን ጊዜ እናገኛቸዋለን።

ለጸረ ቫይረስ ገንዘብ ማውጣት የግድ አይደለም። በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ዲፌንደር የተባለው ጸረ ቫይረስ አብሮ ይመጣል። ቁም ነገሩ ማደስ ነው። ኢንተርኔት የሌለው ቢሮ የማደሻውን ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ በፍላሽ አውርዶ ማምጣት ይችላል። የደንበኛ ፍላሽ ሲመጣም ሳንፈትሽ አንክፈት።

ፍላሽ ስንገዛ ደግሞ በርካሽ ዋጋ የሚሸጥ እጅግ ትልቅ መጠን አያታልለን። 1 ወይም 2 ቴራባይት የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በውስጡ ግን የዚያ ጥቂት እጅ ብቻ የሚይዝ ሐሰተኛ ፍላሽ በዓለም ገበያ ሞልቷል። ኮምፒዩተሩም ይታለልና ትልቅ ነው ብሎ ያሳየናል። የተጻፈው ሁሉ ግን ከልኩ ሲያልፍ ይጠፋል። ስለሆነም አዲስ ፍላሽ አደራ ከማስቀመጣችን በፊት እስኪሞላ ድረስ ፋይል ገልብጠን፣ መጨረሻ የገባውንም ከፍተን እንየው።

5ኛ/ ሦስት ቅጂ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ማሽኑን የማቆየት ጉዳይ ነው። ነገር ግን ምንም ብንጠነቀቅ ማሽን አንድ ቀን ይሞታል፤ ይሰረቃል፤ ይቃጠላል። አስተዋይ ገበሬ ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎተራ አያስቀምጥም። እኛም መዝገባችንን በአንድ ማሽን ማስቀመጥ የለብንም።

ባለሙያዎች የሚመክሩት ቀላል ደንብ አለ። ይኸውም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱም ሌላ ቦታ የሚል ነው። ለምሳሌ አንደኛው በኮምፒዩተሩ ውስጥ፣ ሁለተኛው በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በዘመድ ቤት በተቀመጠ ሌላ ዲስክ ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል። ጉግል ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ለአንድ ሱቅ መዝገብና ለማመልከቻዎች ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ይሁን እንጂ በኢንተርኔት ብቻ መተማመንም አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለበርካታ ወራት መቆየቱን የክልሉ ነዋሪ አይረሳውም። በዚያ ጊዜ መዝገቡን ሁሉ በኢንተርኔት ብቻ ያስቀመጠ ሰው መዝገቡ ሳይጠፋ ጠፋበት ማለት ነው። ስለዚህ ከቅጂዎቹ አንዱ ሁልጊዜ በእጅ የሚነካ ይሁን።

ስለ ቅጂ ዲስኩ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ቅጂ ከተወሰደ በኋላ ይነቀል። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ የቫይረስ ዓይነት ስላለ፣ ተሰክቶ የቆየ ዲስክ ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋል። ሁለተኛ፣ ፍላሽ ለመሸከም እንጂ በመሣቢያ ውስጥ ለዓመታት ለማስቀመጥ አይታመንም፤ ሙቀት ደግሞ ያብስበታል። ሦስተኛ፣ ቅጂው መከፈቱን በየጊዜው እንሞክር። የማይከፈት ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።

የማይከፈት ስንል የአማርኛ ጽሑፍን ጉዳይ ሳናነሣ አናልፍም። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሑፍ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ አቀማመጥ ያስቀምጥ ስለነበር፣ በአንዱ ማሽን የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አንድ ወጥ አቀማመጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ ከተባለው የአማርኛ ፊደል ጋር መጣ። ዛሬ አዲስ ጽሑፍ ሁሉ በዩኒኮድ መጻፍ አለበት። በድሮ ፊደል የተጻፈ መዝገብ፣ የመጅሊስ ቃለ ጉባኤ ወይም የቤተሰብ ታሪክ ያለው ሰው ደግሞ ያ የድሮ ፕሮግራም የሚሠራበት ማሽን ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ያስለውጠው። ቢያንስ በወረቀት አትሞ ያስቀምጠው።

6ኛ/ የሰው አደራ

ወደ ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ሰው መታወቂያውን፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት አቤቱታውንና የሕክምና ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ በማሽኑ ውስጥ ይቀራሉ። ባለቤቱ ሲሄድ ሰውየው ሄደ እንጂ ምስጢሩ አልሄደም። ይህ አማና ነው! የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሕግ ጉዳይም ሆኗል።

ስለሆነም ቢሮ ያላቸው ወንድሞችና እህቶች ቀን ሲመሽ የዕለቱን የደንበኛ መታወቂያና ፎቶግራፍ ያጥፉ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ያድርጉ። ደንበኛው ወደፊት ይፈለጋል ያለውን ጽሑፍ ግን በእርሱ ፈቃድ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፎልደር ያስቀምጡ። የሰው የቴሌብር ምስጢር ቁጥር በሌላ ሰው ፊት አይነገር፤ በቢሮው ማሽንም ላይ አይጻፍ።

በቤተሰብ ደረጃም እንዲሁ ነው። ስልክ ለጥገና ከመሰጠቱ በፊት የእህቶቻችንና የእናቶቻችን ፎቶግራፎች በውስጡ መኖራቸውን እናስብ። ስልኩ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ቅጂ ወስደን፣ ሚሞሪ ካርዱንና ሲም ካርዱን አውጥተን፣ በውስጡ ያለውን አጥፍተን እንስጥ። አሮጌ ስልክ ስንሸጥም ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ መሰረዝ አይበቃም፤ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ አለበት።

7ኛ/ ስንገዛ

ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት ነውር የለውም፤ ብዙዎቻችን የምንችለውም እርሱን ነው። ነገር ግን በሱቁ ውስጥ ተከፍቶ ስላየነው ብቻ አንግዛ። ቻርጀሩ ተነቅሎ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ ባትሪው ያን ጊዜ ይታወቃል። እያንዳንዱን ፊደል ተጭነን እንሞክር። የፍላሽ መሰኪያዎቹን ሁሉ እንፈትሽ። ከሥሩ በእጃችን ዳስሰን ሙቀቱንና የፋኑን ድምፅ እናዳምጥ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11ን በሥርዓቱ ለመጫን ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአመዛኙ 8ኛው ጄኔሬሽንና ከዚያ በኋላ የመጡት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ የሚገዛ ሰው «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አሮጌ ማሽን ያለውም አይጣለው፤ ኢንተርኔት ለማይነካ ጽሑፍና ሕትመት ገና ያገለግላል። የባንክና የምስጢር ጉዳይ ግን አይሠራበት።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን! በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የሚጻፈው በሰዎች መካከል ጥርጣሬና ጠብ እንዳይገባ ነው። እንግዲህ መጻፍ ይህን ያህል ከተፈለገ የተጻፈውን መጠበቅስ ምን ያህል ይፈለግ? በቀለምና በወረቀትም ይጻፍ በኮምፒዩተር፣ የጠፋ መዝገብ አበዳሪን ከተበዳሪ፣ ወንድምን ከወንድም ያጣላል።

በመሆኑም ለወጣቶቻችን አንድ ሥራ እንስጥ። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ፣ ጁሙዓ ከመግባቷ በፊት፣ ከቤቱ ልጆች አንዱ የአባቱን የሱቅ መዝገብና የቤተሰቡን ፎቶግራፎች ወደ ውጭ ዲስኩ ይገልብጥ፤ አንድ ፋይል ከፍቶ ይሞክር፤ ዲስኩን ነቅሎ ለእናቱ ያስረክብ። ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። አባትም በወር አንድ ጊዜ ዱቤውን በወረቀት አሳትሞ ይፈርምበት፤ ወረቀት መብራት አይፈልግምና።

የሳንጃ ገበሬ የሰሊጡን ቀን ያውቃል። ሰሊጥ ደርሶ ቀኑ ካለፈ አፉን ከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከዚያ በኋላ ቢለቅሙት አይለቀምም። መዝገብም እንደዚሁ ቀን አለው፤ ቀኑም ማሽኑ ከመሞቱ በፊት ያለው ቀን ነው። በመጀመሪያ በዓይነ ኅሊናችን ያየናት ያች የጽሕፈት ቤት ሐሙስ ማታ የተገለበጠ አንድ ዲስክ ቢኖራት ኖሮ ወጣቱ የሚለው ቃል «ሐጂ፣ እስከ ነገ ይታገሡኝ» የሚል ብቻ በሆነ ነበር። አባቱም በሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ የማንን ዕዳ እንደሚጠይቅ፣ የማንንስ እንደረሳ በማሰብ አይጨነቅም ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉና አባቶቻችን፣ ይህን ጽሑፍ አንብበው እንደጨረሱ ዛሬውኑ አንድ ቅጂ እንዲወስዱ አደራ እንላለን።